«ዘ» ለጃፓናውያን ለምን ከበደች?

ኢኤፍ የተባለው የቋንቋ ትምህርት ድርጅት በየዓመቱ አገሮችን በእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃ ያወጣላቸዋል። በ2024 ጃፓን ከ116 አገሮች 92ኛ ሆነች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ዝርዝር በ2011 ሲወጣ ከ44 አገሮች 14ኛ ነበረች። ዝርዝሩ በወጣ ቁጥር ያው ወሬ ይነሳል፦ ፈጣን ባቡር የሠራ ሕዝብ እንግሊዝኛ እንዴት ያቅተዋል? መልስ የሚሰጥም አይጠፋም። አንዱ ፈተናውን ይወቅሳል፣ ሌላው ዓይን አፋርነትን። ሰዋስው የሚወድ ሰው ደግሞ «ቋንቋቸው አርቲክል (እንደ እንግሊዝኛው «ኤ» እና «ዘ» ከስም በፊት የሚገባ ቃል) የለው፣ ብዙ ቁጥር የለው፣ ምን ያድርጉ?» ይላል።

ይህ የመጨረሻው መልስ ግማሽ እውነት አለው። ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚመልሰው። አንዱ ጃፓን በደረጃ ሠንጠረዥ ለምን ዝቅ አለች የሚለው ነው። ሌላው ጃፓናዊ ተማሪ «ኤ» እና «ዘ»ን ለምን እስከ መጨረሻው ይስታል የሚለው ነው።

ደረጃው የማያሳየው ነገር

ፈተናውን የሚወስዱት በዕጣ የተመረጡ ሰዎች አይደሉም፤ በራሳቸው ፈቃድ የሚፈተኑ ናቸው። የአገሮቹም ቁጥር ከ44 ወደ 116 አድጓል። ስለዚህ 14ኛን እና 92ኛን ጎን ለጎን አድርጎ «ይኸው ወደቁ» ማለት ያስቸግራል። ደግሞም የ2024ቱ ደረጃ የወጣው በንባብና በማዳመጥ ፈተና ነው። ሰው ሲጽፍና ሲናገር አርቲክል ይጣል አይጣል በዚህ አይታወቅም።

አርቲክል አለመኖር ብቻውን ሰውን ከእንግሊዝኛ የሚያርቅ ቢሆን ፊንላንዶችና ፖላንዶችም ታች በተገኙ ነበር። ቋንቋዎቻቸው አርቲክል የላቸውም። በዚሁ ዝርዝር ላይ ግን ሁለቱም ከላይኞቹ ተርታ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። በእንግሊዝኛ ጥናት የሚያሳትም፣ ስብሰባ የሚመራ ጃፓናዊ ሌላው ስህተቱ ሁሉ ለቆት አርቲክሉ ብቻ አልለቅ ሊለው ይችላል። ሉክ እና ሺራይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛና የቻይንኛ ተናጋሪዎች አርቲክልንና የብዙ ቁጥር «ስ»ን አዘግይተው እንደሚለምዱ አሳይተዋል። የባለቤትነት «ስ»ን ግን ቀድመው ይይዛሉ። ይህቺኛዋ ለምን ቀለለች? ጃፓንኛ «ኖ» የምትባል፣ የእኛን «የ» የመሰለች ቃል ስላለችው ነው። «ታናካ ኖ ሆን» ማለት የታናካ መጽሐፍ ነው። አእምሮ የሚያውቀውን ነገር ቶሎ ያገኘዋል።

አርቲክል ሁለት ጥያቄ ነው

አርቲክል የሚባሉት ከስም በፊት የሚገቡት «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» ናቸው። «ዘ» ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ በድግግሞሽ አንደኛ ናት። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይገባም፤ ባዶ መተዉም ራሱ ትርጉም አለው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስም ሊጠራ ሲል ሳያውቀው ሁለት ነገር ይወስናል። የመጀመሪያው፦ የማወራው ነገር ዳር ድንበር ያለው አንድ ነገር ነው ወይስ እንደ ውሃ፣ እንደ ዱቄት ያለ? ሁለተኛው፦ የትኛውን ማለቴ እንደሆነ የሚሰማኝ ሰው ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ለመጀመሪያው ቀላል ማሳያ እንቁላል ነው። ቁርስ የበላ ሰው ሸሚዙ ላይ «ኤግ» አለ ከተባለ፣ ያለ አርቲክል፣ ያው ጠብ ብሎበት ነው፤ በሶፍት ይጠርገዋል። «አን ኤግ» አለ ከተባለ ግን ከነቅርፊቱ ሙሉ እንቁላል ሸሚዙ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ተናጋሪው ያየበት መንገድ ነው። «አይ ላይክ ዶግ» የሚለው የታወቀ የጃፓን ተማሪ ስህተትም እዚሁ ላይ ነው የሚወድቀው። ውሻ እወዳለሁ ለማለት ፈልጎ፣ «ዶግ»ን ያለ «ኤ» እና ያለ «ስ» ሲተዋት የውሻ ሥጋ ይጥመኛል ወደሚለው ታዘነብላለች።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪም ብዙ መሳቅ የለበትም። «ውሻ እወዳለሁ» ስንል እኛም ስሙን ባዶውን ነው የምንተወው። ጃፓንኛው «ኢኑ ጋ ሱኪ ደሱ» ቁርጥ የእኛን ይመስላል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን እንለያያለን። «መጽሐፍ ገዛሁ» እና «መጽሐፉን ገዛሁት» አንድ እንዳልሆኑ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። ሁለተኛውን የሚሰማ ሰው የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ጃፓንኛ በዚህ ቦታ «ሆን ኦ ካይማሺታ» ብሎ ያልፋል። አንድ ይሁን ሦስት፣ ያው የምናውቀው ይሁን ሌላ፣ ስሙ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ጃፓንኛ የት ይናገረዋል?

ይህን ሰምቶ ጃፓኖች የታወቀንና ያልታወቀን አይለዩም ብሎ መደምደም ይቀናል። ሰው ሆኖ የማይለይ የለም። ጃፓንኛ የሚለየው በሌላ ቦታ ነው።

ቆጠራውን እንይ። ጃፓንኛ ሲቆጥር ቁጥሩን ብቻ ስሙ ላይ አይለጥፍም፤ መሀል የምትገባ የመቁጠሪያ ቃል ይፈልጋል። ወረቀትና ሸሚዝ በ«ማይ»፣ እርሳስና ጠርሙስ በ«ሆን»፣ መጽሐፍ በ«ሳትሱ»፣ ውሻና ድመት በ«ሂኪ» ይቆጠራሉ። ገበያ ወጥታችሁ «አሥር ፍሬ እንቁላል፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት» ስትሉ የምታደርጉት ያንኑ ነው። ልዩነቱ እኛ አንዳንዴ፣ እነሱ ሁልጊዜ መሆኑ ነው። የነገሩን ቅርጽ የሚይዘው የመቁጠሪያው ቃል ስለሆነ ስሙ ራሱ እንደ «ውሃ» ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ጃፓናዊ ተማሪ «ዶግ» ሲል የቀረ ነገር ያለ የማይመስለው። ከእንግሊዝኛ የተዋሷቸው ቃላት እንኳ ይህን ልማድ ይዘዋል። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ በጃፓንኛ «ሱሪፓ» ነው፤ የእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር «ስ» መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለማየት ደግሞ የሞሞታሮን ተረት መጀመሪያ ማየት ይበቃል። ጃፓን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም ማለት ይቻላል፦

«ሙካሺ ሙካሺ፣ አሩ ቶኮሮ ኒ፣ ኦጂይሳን ቶ ኦባአሳን ጋ ኢማሺታ። ኦጂይሳን ዋ ያማ ኤ ሺባካሪ ኒ፣ ኦባአሳን ዋ ካዋ ኤ ሴንታኩ ኒ…»

በእኛ ተረት ቢነገር እንዲህ ይሆናል፦ ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሽማግሌው እንጨት ሊለቅም ወደ ተራራ፣ አሮጊቷ ልብስ ልታጥብ ወደ ወንዝ ሄዱ።

ሽማግሌውና አሮጊቷ መጀመሪያ ሲመጡ ከኋላቸው «ጋ» አለች። ሁለተኛ ሲጠሩ «ዋ» ሆነች። አማርኛው «አንድ ሽማግሌ» ብሎ ጀምሮ «ሽማግሌው» ይላል። እንግሊዝኛው በ«አን» ጀምሮ ወደ «ዚ» ይሻገራል (ያው «ዘ» ናት፣ በአናባቢ ፊት ስለሆነች ነው)። ሦስቱም ቋንቋዎች ለሰሚው «አሁን ታውቀዋለህ» እያሉት ነው።

አንዳንድ መምህር ይህን ሲያገኝ ይደሰትና «ዋ ማለት ዘ ነው» ብሎ ያስተምራል። እሱ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ነው። «ማን መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ታናካሳን ጋ ኪማሺታ» ነው። ታናካን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቃሉ ግን «ጋ» ነው። «ዋ» የምትናገረው ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ነው። ከ«ዘ» ጋር የምትገናኘው አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጃፓንኛ የታወቀውን ነገር ጭራሽ አይጠራውም። «ዮሚማሺታ» ብቻ ይላል። እኛ «አነበብኩት» ብለን «ት»ን ግሱ ላይ እንተዋለን፤ እነሱ እሷንም አያስቀሩም።

ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል?

ጃፓን ልጆቿን እንግሊዝኛ ለማስተማር አልሰነፈችም። ከ1987 ጀምሮ ጄት በተባለው ፕሮግራም ወጣት የውጭ ዜጎችን እያመጣች ረዳት መምህር ታደርጋለች። በ2020 እንግሊዝኛ ለአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ውጤት የሚሰጥበት መደበኛ ትምህርት ሆነ። ነገሩ የሚጠብበው ሌላ ቦታ ነው።

ከ2021 ጀምሮ የሚሰጠው አገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንግሊዝኛውን የሚለካው በንባብና በማዳመጥ፣ በምርጫ ጥያቄ ነው። መናገርና መጻፍ በግል ድርጅቶች ፈተና እንዲለካ ታቅዶ ነበር። ይኼ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ተቃውሞ ስለበዛ በ2019 መጨረሻ ወደ ጎን ተደረገ፤ በ2021 ጭራሽ ቀረ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ፈተና ያስጽፋሉ። ብዙው ተማሪ ግን በዋናው ፈተና ላይ አንድም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ አይጽፍም።

የአርቲክል ትምህርቱም በዚህ ልክ ተሰፍቷል። የተለመደው መልመጃ ባዶ ቦታ ሙላ ነው። «____ ሙን» ተብሎ ይሰጥና ተማሪው «ዘ» ይላል፤ ጨረቃ አንድ ናታ። ነጥብ ያገኛል። ችግሩ ባዶ ቦታው ላይ ነው። የተማሪው ዋና ችግር ከስሙ በፊት ውሳኔ የሚጠብቅ ቦታ መኖሩን አለማየቱ ነበር። መልመጃው ያንን ቦታ በሰረዝ አሳይቶ፣ ከባዱን ሥራ ሠርቶለት ነው የሚፈትነው። ነጭ ወረቀት ሲሰጠው ግን ሰረዝ የለም።

ትርጉሙም ያሳስታል። «ዘ» ስትመጣ «ሶኖ» በል ይባላል፣ «ያ» እንደማለት። «ኤ» ስትመጣ «አንድ»። ለፈተና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ያቺ ፀሐይ ወጣች» የሚል ጃፓንኛ ይወለዳል። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ እያንዳንዱን ስም ይቆጠራል ወይም አይቆጠርም ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ተማሪው ቡና አይቆጠርም ብሎ ይሸመድዳል። ካፌ ሲገባ ከፊቱ ያለው ሰው «ቱ ኮፊስ» ብሎ ያዛል። እንቁላሉ ላይ እንዳየነው መቆጠርና አለመቆጠር ቃሉ ላይ የተነቀሰ ምልክት አይደለም። ሁለት ስኒ ቡና አስቦ ያዘዘ ሰው ይቆጥረዋል።

ጆሮም አያግዝም። «ኤ» እና «ዘ» በፈጣን ንግግር ተውጠው ነው የሚወጡት። ጃፓንኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ ድምፅ እኩል ያህል ጊዜ የሚሰጥ ቋንቋ ነው፤ ተውጦ የሚነገር ድምፅ ለጆሮው ባዳ ነው። በእንግሊዝኛ ምላስ በጥርስ መሀል ሆኖ የሚወጣውን የ«ዘ»ን የመጀመሪያ ድምፅ ወደ «ዝ» ቀይሮ «ዛ» ይላታል። የሚገርመው «ዛ» ራሷ ጃፓንኛ ገብታ ሌላ ሥራ ይዛለች። በስም ፊት ስትገባ «እውነተኛው፣ ዓይነተኛው» እንደማለት ናት። ተማሪው «ዘ»ን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል ማለት ነው፣ የማያውቀው ሥራዋን ነው።

እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ረዳት መምህርስ? ስህተቱን ወዲያው ይሰማዋል። ለምን ሲባል ግን ብዙ ጊዜ «እንዲሁ ጆሮዬ ላይ አይጥምም» ነው መልሱ። አይፈረድበትም። እኛም «ፀሐይ ወጣች» እንላለን እንጂ «ፀሐይዋ ወጣች» ብሎ የሚጀምር ብዙም የለም። ለምን ቢሉን ቆም ብለን ማሰባችን አይቀርም።

ቢሳሳቱስ ምን ችግር አለው?

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ይለያያሉ። እንግሊዝኛን የተለያየ አገር ሰዎች መገናኛ አድርገው የሚያጠኑ ሰዎች አርቲክል መጣል መግባባትን እምብዛም አያውክም ይላሉ። ባርባራ ዛይድልሆፈር በ2004 መምህራን ብዙ ጊዜ የሚያጠፉባቸውን፣ ለመግባባት ግን ብዙም የማያስቸግሩ ስህተቶች ስትዘረዝር አርቲክልን አንዱ አድርጋዋለች። ቶኪዮ ያለ ሻጭና ጃካርታ ያለ ገዢ ሲነጋገሩ «ዘ» ብትቀር ማንም ልብ አይልም። ለሆቴል፣ ለጉዞ፣ ለገበያ ይህ ክርክር ያሳምነኛል።

ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን ይለወጣል። የፈጠራ ባለመብትነት ማመልከቻን እንውሰድ። የጃፓን ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ማመልከቻ ከሚያስገቡት ናቸው። በአሜሪካ አሠራር አንድ የማሽን ክፍል መጀመሪያ ሲጠቀስ «ኤ»፣ ተመልሶ ሲጠራ «ዘ» መያዝ አለበት። ከዚህ በፊት ያልተዋወቀ ማንሻ በድንገት «ዘ» ይዞ ቢመጣ መርማሪው የትኛው ማንሻ ነው ብሎ ግልጽነት ይጎድለዋል በሚል ሊጥለው ይችላል። በተቃራኒው ሁለተኛ ጊዜም «ኤ» ከተባለ ሁለት ማንሻ ያለው ማሽን ሆኖ ሊነበብ ነው። ነገሩን የሚያጠብቀው ደግሞ ፍርድ ቤቶቹ እዚያ ቦታ ላይ «ኤ»ን በአብዛኛው «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» ብለው መተርጎማቸው ነው። የጃፓንኛው ረቂቅ ይህን ሁሉ ስሙ ላይ አይጽፍም፤ ተርጓሚው መወሰን አለበት። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ለተማረ አንባቢ የአንዲት ቃል ጣጣ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀይ እስክሪብቶው ይጠቅማል?

ተማሪው በጻፈው ላይ የጠፋውን አርቲክል ሁሉ በቀይ መጨመር ጥንታዊው ዘዴ ነው። ጆን ትራስኮት በ1996 ተነስቶ የጽሑፍ ሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል፣ ይቅር አለ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ጆን ቢችነር በ2008 ባሳተመው ጥናት ኒውዚላንድ ውስጥ 75 እንግሊዝኛ ተማሪዎችን ወስዶ ሁለት ነገር ብቻ ተከታተለ፦ መጀመሪያ ሲጠቀስ «ኤ»፣ ሲደገም «ዘ»። እርማት ያገኙት ካላገኙት በለጡ፤ ከሁለት ወር በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም።

ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። ቢችነር ግን የመረጠው በጣም ጠባብ ነገር ነው። ገጹን ሁሉ ቀይ ያለበሰ መምህርና አንዷን ነገር ለሳምንታት የተከታተለ መምህር አንድ ሥራ አልሠሩም። ለጃፓን ክፍል የሚሻለው ሁለተኛው ይመስለኛል። ያውም ከአርቲክሉ በፊት በጥያቄው የሚጀምር፦ ይህን የሚያነብ ሰው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ይህን ጥያቄ በጃፓንኛ መጠየቅ ይቻላል። እንዲያውም በጃፓንኛ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ተማሪው መልሱን በገዛ ቋንቋው ሲያውቀው የኖረ ነገር ነው። የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍል እስከ 40 ተማሪ ሲይዝ ግን የእያንዳንዱን ጽሑፍ እንዲህ መከታተል ለመምህሩ ቀላል እንዳይመስለን።

ማሽኑ ሲጨምርልንስ?

አሁን ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ለኮምፒውተር እየተወው ነው። የትርጉምና የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች የጎደለችውን «ዘ» በሰከንድ ያስገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናቸው። ኢሜይል ለሚጽፍ ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ማሽኑ የሚያውቀው ግን የተጻፈውን ነው። «ኢኑ ጋ ኢማስ» (ውሻ አለ) የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢሰጠው አንድ ውሻ ነው ወይስ መንጋ ከሚለው አንዱን ይገምታል። የጻፈው ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየውን ውሻ አላየም። አንባቢው የትኛውን ማንሻ እንደሚያውቅም አያውቅም። ስለዚህ ከማሽኑ የወጣውን አይቶ «አይ፣ ይኼኛው ኤ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያንን ለማለት ደግሞ ልዩነቱን ማወቅ ግድ ነው። ውሳኔውን ከመጀመሪያው ለማሽን የሰጠ ተማሪ በዚህ የሚለማመድበት ዕድል ይቀንሳል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው፣ የታረመውን ከራሱ ጽሑፍ ጋር የሚያነጻጽር ተማሪ ከመቼውም በላይ ምሳሌ አገኘ ይላሉ። ልክ ናቸው፣ የሚያነጻጽር ከሆነ።

ወደ ሞሞታሮ እንመለስ። ሽማግሌውና አሮጊቷ ላይ መጀመሪያ «ኤ»፣ ሲደገም «ዘ» የምትለዋ ሕግ በደንብ ሠርታለች። ተማሪው ደስ ብሎት ይቀጥልና አሮጊቷን ወደ ወንዝ ይልካታል። ወንዙ ሲጠቀስ ገና የመጀመሪያው ነው። በሕጉ መሠረት «ኤ ሪቨር» ይጽፋል። እንግሊዝኛ የሚተርት ሰው ግን «ዘ ሪቨር» ይላል፤ መንደር ካለ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ እንዳለው ሰሚው ያውቃል ብሎ ነው። ጃፓንኛው «ካዋ ኤ» ብሎ አልፎታል። አማርኛውም «ወደ ወንዝ» ብቻ ነው ያለው።